የጀበልፑር ኩርፊያ

አማቴ ድዋርካ ፕራሳድ ካሬ ከቦፓል ጋር የተኳረፉት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እኔ ከናርሲንግፑር ተድሬ ጀበልፑር፣ እሳቸው ቤት ስገባ ኩርፊያው ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር። ከባለቤቴ ከአቪናሽ በአንድ ዓመት ይበልጣል ማለት ነው።

ከጎረቤቱ የተኳረፈ ሰው አውቃለሁ። ከወንድሙ፣ ከልብስ ሰፊው ጋር የማይነጋገርም አውቃለሁ። ከአንድ ሙሉ ከተማ፣ ከነሕንፃው ከነነዋሪው የተኳረፈ ሰው ግን ያየሁት ጀበልፑር ነው። እዚያ ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ በየሰፈሩ ሁለት ሦስት ይገኛል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 1956 ነው። አዲሱ ክፍለ ሀገራችን ሲቋቋም ዋና ከተማው ጀበልፑር እንደሚሆን ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። ያላወቁት ዴልሂ ያሉት ሹሞች ብቻ ነበሩ። እነሱ ቦፓልን መረጡ። የዚያን ዓመት የመብራት በዓል ሲደርስ የባቡጂ እናት በረንዳው ላይ የደረደሯቸውን የሸክላ ኩራዞች አንድ በአንድ አንስተው መልሰው ቅርጫት ውስጥ ከተቷቸው። መንገዱ ሁሉ እንደዚያው ነበር ይላሉ። (ባቡጂ የምለው አማቴን ነው፤ ቤቱ በሙሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው።) ለማጽናኛ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለእኛ ተሰጠ። ባቡጂ ይህን ባነሱ ቁጥር፣ «ንብረታችንን ወስደው አቤት የምንልበትን ቦታ ሰጡን» ይላሉ።

ከተማችን ይህ ጠባይ አላት፤ የሌለ ነገር አትለቅም። ድሮ ሃምሳ ሁለት ኩሬ ነበራት ይባላል። አብዛኞቹ ተደፍነው ቤት፣ ገበያ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ ሆነዋል፤ ስማቸው ግን እንዳለ ነው። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ የአንዲት ዘመዳችንን ቤት ጠይቄ «ከኩሬው ማዶ» ተባልኩ። ግማሽ ቀን ኩሬ ስፈልግ ዋልኩ። ኩሬው የለም። ማዶው ግን አለ።

ባቡጂ በመድፍ ጋሪ ፋብሪካው መዝገብ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለሰው ሁሉ ደግ ናቸው፤ እኔን ምራታቸውን አንድ ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። ወደ ዴልሂ በባቡር ስንሄድ ግን ቦፓል ጣቢያ ስንደርስ የመስኮቱን መዝጊያ ያወርዱታል፤ ባቡሩ እስኪነሳ አይከፍቱትም። አንድ ጊዜ በግንቦት ሙቀት፣ «ባቡጂ፣ ልንታፈን እኮ ነው» ብላቸው፣ «አሥር ደቂቃ ታገሺ ልጄ፤ ይቺ ከተማ ትለፍ» አሉኝ።

እንግዲህ በዚህ ቤት ያደገች ልጄ ኒሃሪካ፣ በዚያው በማጽናኛው ፍርድ ቤት ጠበቃ የሆነች ልጅ፣ አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ግን እንዳትጮኺ።»

«ምንድን ነው?»

«የማገባው ልጅ አለ። ሳኬት ይባላል። መሐንዲስ ነው። ዘሩም እንደኛው ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ እናቱን ያከብራል።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያስጮኻል?»

«የቦፓል ልጅ ነው።»

ጮኽኩ። የያዝኩት ምስር ከነሳህኑ ወለሉ ላይ ተበተነ።

ለባቡጂ ማን ይንገራቸው በሚለው ላይ ሦስት ቀን ተከራከርን። አቪናሽ አባቱን እጅግ ስለሚያከብር እኔን መረጠኝ። የጠዋት ጣፋጫቸውን፣ ያንን በወተት ሊጥ የሚጠበሰውን ጥቁሩን ጀሌቢ፣ እየበሉ ሳለ የሻሼን ጫፍ ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ ነገርኳቸው። ማኘካቸውን አቆሙ።

«ቦፓል ተወልዶ ነው ወይስ ለሥራ ሄዶ?»

«ተወልዶ ነው ባቡጂ።»

«አባቱስ?»

«አባቱም።»

ጣታቸውን ከሽሮፑ በመሐረባቸው ቀስ ብለው ጠረጉ። «እንግዲህ ልጁ ምን ያድርግ» አሉ በመጨረሻ። «የት እንደሚወለድ አልተጠየቀም።» ጀሌቢያቸውንም ጨረሱ።

እኛ ደስታችንን አልቻልነውም። የረሳነው ነገር ግን ነበር። በእኛ ወግ ከሠርጉ በፊት የሙሽራይቱ ቤት ታላቅ ሰው ወደ ሙሽራው ቤት ሄዶ በልጁ ግንባር ላይ ቀዩን ምልክት ማድረግ፣ ኮኮነትና ጣፋጭ መስጠት አለበት። ቲላክ የምንለው ይህን ነው። የእኛ ቤት ታላቅ ደግሞ ባቡጂ ናቸው። ሙሽራው ቤት ያለው ደግሞ ቦፓል ነው።

«ልጅቷን ሰጥቻለሁ» አሉ ባቡጂ። «እግሬን ግን አልሰጠሁም።»

ሁለት ሳምንት ለመንናቸው። አንድ ቀን ራሳቸው የባቡር ሰዓት መዝገብ ይዘው ብቅ አሉ፤ መፍትሔ አግኝተዋል። ኢታርሲ! መሃል መንገድ ላይ ያለች የባቡር መገናኛ ናት፤ የጀበልፑርም አይደለች፣ የቦፓልም አይደለች። እኛ ከዚህ፣ እነሱ ከዚያ ይመጣሉ፤ ጣቢያው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ወጉ ይፈጸማል፤ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ወደ ቤቱ።

ይህን ለወንዱ ቤተሰብ መንገር ደግሞ የባሰ ነበር። የዚያ ቤት ታላቅ የሳኬት አያት ወይዘሮ ኢንዱማቲ ኒጋም ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሴት። ስልኩን ድምፁን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

«ባቡር ጣቢያ?» አሉ ወይዘሮ ኢንዱማቲ። «የልጅ ልጄን እንደ ሻንጣ ልትረከቡት ነው?»

«ኢታርሲ መሃል ናት» አሉ ባቡጂ። «ለእርስዎም ለእኔም እኩል።»

«እኩልስ አይደለችም። ከእኛ ዘጠና ሁለት ኪሎ ሜትር ናት፤ ከእናንተ ሁለት መቶ አርባ አምስት።»

«እኛ ርቀን ከመጣን እርስዎን ምን ቸገረዎት?»

«ምንም። ሁለት መቶ አርባ አምስቱን የቻሉ ሰው ዘጠና ሁለቱ ምን አደረገዎት ብዬ ነው እንጂ።»

ባቡጂ ስልኩን ትክ ብለው አዩት። «ያደረገኝን የቦፓል ሰው ያውቀዋል።»

«አሃ!» አሉ ወይዘሮ ኢንዱማቲ፣ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበረ። «የዋና ከተማው ጉዳይ ነው? እኔ እኮ በሽታ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እንግዲያው ኢታርሲ ይሁን።»

እንደዚያ ቶሎ እሺ ሲሉ መጠርጠር ነበረብኝ።

ካህናችን ቲዋሪ የኮከብ መጽሐፋቸውን ገልጠው መልካሙን ሰዓት አወጡ፤ እሑድ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል። ከዚያ በፊት ከሆነ ሙሽሮቹ ይጣላሉ፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ደግሞ ልጅ ሳይወልዱ ይቆያሉ። ባቡጂ የጥርስ ሐኪም ቤት እንኳ ያለ ኮከብ መጽሐፍ የማይሄዱ ሰው ስለሆኑ ሰዓቱን በወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ከተቱት። እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እሳቸው፣ አቪናሽ፣ ካህኑና እኔ ባቡር ላይ ወጣን። እኔ የተወሰድኩት የደም ግፊት ኪኒናቸውን በሰዓቱ የምሰጠው እኔ ስለሆንኩ ነው። የኢታርሲ ትኬት አለን። ኮኮነቱ ጭኔ ላይ ነው።

ባቡሩ መጀመሪያ በደንብ ሄደ። ከዚያ ፒፓርያ አካባቢ ቆመ። ለምን እንደቆመ የሚነግረን አልነበረም። ሰው ወርዶ ሻይ ጠጣ፣ ተመልሶ ወጣ፣ እንደገና ወርዶ ጠጣ። ባቡጂ ሰዓታቸውን አዩ፣ ወረቀቱን አወጡ፣ መለሱ።

«ኪኒናዎን ይውሰዱ ባቡጂ።»

«ኪኒናውን ለሹፌሩ ስጪው» አሉኝ።

ኢታርሲ የገባነው ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። አሥር ደቂቃ ቀርቶናል። አቪናሽ ሻንጣውን ሊያወርድ እጁን እንደዘረጋ፣ በሠረገላው በር አጭር፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ መነጽራቸው በሰንሰለት አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት ገቡ። ከኋላቸው አንድ ረጅም ወጣት፣ ከእሱ ኋላ የራሳቸው ካህን፣ ከዚያ ሰው፣ ሰው፣ ሰው፤ አሥራ አራት ቆጠርኩ።

«እንዳትነሱ!» አሉ ወይዘሮ ኢንዱማቲ። «ማንም እንዳይነሳ። ሰዓቱ ሊያልፍ ነው። መጠበቂያ ክፍሉ በደረጃ ወጥቶ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ በደረጃ ወርዶ ነው። በዚህ ጉልበትዎ አሥር ደቂቃ አይበቃዎትም። ሳኬት፣ ተቀመጥ! እዚህ፣ ፊት ለፊታቸው!»

ባቡጂ አፋቸውን ከፈቱ። ካህኑን አዩ። ካህናችን ሰዓታቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነታቸውን ነው። ስምንት ደቂቃ ነው የቀረን።»

«ልጅ ሳይወልዱ ይቆዩ እንግዲህ?» አሉ ወይዘሮ ኢንዱማቲ።

ባቡጂ መልሰው ተቀመጡ። ሁለቱ ካህናት ጀመሩ። ቢጫው እርድ ወጣ፣ ሩዙ ወጣ፣ ኩራዙ ግን አንድ የባቡር ሠራተኛ መጥቶ «እሳት ክልክል ነው» ስላለ በእጅ ባትሪ ተተካ። መንገደኛው ሁሉ በወንበር ላይ ቆሞ ይመለከታል። ባቡጂ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው በሳኬት ግንባር ላይ ሲያደርጉ ደስ እንዳላቸው አየሁ። ልጁ ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ነካ። በዚያች ቅጽበት ባቡሩ ጮኸ።

አቪናሽ ብድግ አለ። «እየተነሳ ነው! እንውረድ!»

«ቁጭ በል!» አሉ የቦፓሉ ካህን። «የአማልክቱ ስም ተጠርቷል፤ እስኪያልቅ ማንም ከቦታው አይነሳም።»

«እስከ መቼ ነው?» አሉ ባቡጂ።

«አንድ መቶ ስምንት ስም ነው። ሠላሳ አራተኛው ላይ ነን።»

ባቡጂ ወደ እኛ ካህን ዞሩ። ቲዋሪ ጣሪያውን ያያሉ። በኋላ እንደሰማሁት፣ አጭሩን ጸሎት ሊያደርሱ ኖሮ፣ ወይዘሮ ኢንዱማቲ በስልክ «ረጅሙ ይሻላል» ብለው አሳምነዋቸው ነበር። ኢታርሲ በመስኮቱ እያለፈች ሄደች። የቦፓሉ ካህን ስሞቹን ሲጠሩ ቀስ አሉ፤ እያንዳንዱን ስም እንደ ከረሜላ እያላመጡ። ሰባ ዘጠነኛው ላይ የነርመዳን ወንዝ ተሻገርን። ሰው ሁሉ ወንዙን ሲሳለም ባቡጂም ተሳለሙ፤ ግን ፊታቸው የእናቱን ቤት ጥሎ እንደሚሄድ ሰው ነበር።

ተቆጣጣሪው መጣ። እኔ ፈራሁ፤ ትኬታችን ያለቀው ኢታርሲ ላይ ነው። ወይዘሮ ኢንዱማቲ ከቦርሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ተቆጣጣሪው አነበበ፤ «ድዋርካ ፕራሳድ ካሬ፣ ወንድ፣ ሰባ ስድስት ዓመት።»

ባቡጂ በጣም በዝግታ ወደ ወይዘሮ ኢንዱማቲ ዞሩ።

«ትኬት ገዝተውልኛል።»

«ከአምስት ቀን በፊት፣ ለአራታችሁም።»

«በስሜ።»

«በስምዎ። የመስኮት ወንበርም ለምኜልዎት ነበር፤ አልተገኘም።»

«እኔ» አሉ ባቡጂ፣ «ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው!»

መንገደኛው በሙሉ ሳቀ። ሳኬት ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ። ባቡጂ ግን ቦፓል እስክንገባ አልሳቁም።

ባቡሩ እዚያ ስለሚያልቅ መውረድ ግድ ሆነ። ባቡጂ ወረዱና መድረኩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ፤ ዱላቸውን በሁለት እግራቸው መሃል ተከሉ።

«የማታው ባቡር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው» አሉ። «እዚሁ እጠብቃለሁ።»

«ባቡጂ፣ አምስት ሰዓት ተኩል እኮ ነው ጠዋት!» አለ አቪናሽ። «ምሳ ተዘጋጅቷል፣ ዘመድ ይጠብቃል…»

«ዘመድ ይብላ። እኔ ቦፓል አልገባም።»

«ገብተዋል እኮ» አሉ ወይዘሮ ኢንዱማቲ። «የተቀመጡት ቦፓል ላይ ነው።»

ባቡጂ ዓይናቸው በራ። ፊሽካ ይዞ የሚያልፍ አንድ የባቡር ሠራተኛ በዱላቸው ጠሩ። «ና እስቲ ወንድሜ። ይህ ጣቢያ በማን ሥር ነው?»

«በምዕራብ ማዕከላዊ ባቡር ሥር ነው፣ አባት።»

«ዋና መሥሪያ ቤቱ የት ነው?»

«ጀበልፑር።»

«ተባረክ።» ወደ ወይዘሮ ኢንዱማቲ ዞሩ። «ሰምተዋል? አለቃው ጀበልፑር ነው። የተቀመጥኩት በጀበልፑር መሬት ላይ ነው። ከዚያ በር ውጭ ያለው የእርስዎ ነው።»

ወይዘሮ ኢንዱማቲ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ለቤተሰቡ፣ «እናንተ ወደ ቤት ሂዱ፤ እንግዶቹን አብሉ» አሉ። «ለእኛ ምሳ ላኩልን። እኔ ውጭ አገር መጥቻለሁ፣ ከእሳቸው ጋር እቀመጣለሁ።»

አቪናሽና ካህኑ ከቤተሰቡ ጋር ሄዱ። እኔ በኪኒናው ምክንያት ቀረሁ፤ ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጬ ሁሉንም ሰማሁ።

መጀመሪያ ሻይ መጣ። ባቡጂ አንድ ጊዜ ፉት ብለው ፊታቸው ተኮማተረ።

«ጨው!»

«የቦፓል ሻይ ጨው አለው» አሉ ወይዘሮ ኢንዱማቲ።

«ለምን?»

«ዋና ከተማ ስንሆን ሚኒስትሮቹ ስኳሩን ጨረሱት።»

ባቡጂ መሳቃቸውን ለመደበቅ እንደገና ፉት አሉ፤ በዚያው ጨረሱት። ምሳው መጣ፤ ቂጣው በዘይት የተነፋ፣ ድንቹ ቃሪያ የበዛበት። የበሉት ብዙ ነው። ኩርፊያቸው ከምግብ ጋር ኖሮ አያውቅም።

«እርስዎ ግን» አሉ ወይዘሮ ኢንዱማቲ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ዋና ከተማ ቢሰጣችሁ ኖሮ ምን ልታደርጉበት ነበር?»

«እንዴት ምን ልናደርግበት? ክብር ነዋ! መንገድ፣ ሕንፃ፣ ሥራ…»

«እኔ የደረሰኝን ልንገርዎት። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ የማንጎ እርሻ ነበረው። ቤታችንም እዚያው ነበር፣ የውኃ ጉድጓድ ነበረን፣ ሁለት ጎሽ ነበረን። ዋና ከተማ ሆናችሁ ሲባል ልጆቹ ጨፈርን። ከዚያ ገመድና ችካል የያዙ ሰዎች መጡ። ለመንግሥት ሠራተኛ መኖሪያ ይሠራበታል ተባለ። አባቴ ካሳ ተሰጠው፤ ቤት ተከራየን፤ ጎሾቹን ሸጥን። አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ልብሱን ለብሶ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር። በር ላይ ቆሞ ይመለሳል።»

ባቡጂ ዱላቸውን አዞሩት።

«ይህን ለእኛ ለጀበልፑሮች ማንም አልነገረንም» አሉ።

«እናንተ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?»

«እኛ… እየጨፈራችሁ ነው ብለን ነው ያሰብነው። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ።»

አንድ የዕቃ ባቡር በፊታችን አለፈ፤ እስኪያልፍ መነጋገር አልተቻለም። ካለፈ በኋላ ባቡጂ እኔ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ተናገሩ። የአዲሱ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች ሲፈልግ ተፈትነው ነበር። ስማቸው ከላይ ሦስተኛው ላይ ወጣ። ጫማ ገዙ፤ የመጀመሪያ የቆዳ ጫማቸውን። ቢሮው ከቤታቸው በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሆን መስሏቸው ነበር። ቢሮው ቦፓል ሲሆን እናታቸው፣ ባል የሞተባቸው ሴት፣ «አንተም ልትሄድብኝ ነው?» ብለው አለቀሱ። ቀሩ። በዓመቱ ፋብሪካው ገቡ።

«ጸሐፊ ሆኜ ገብቼ ቢሆን» አሉ፣ «የመምሪያ ምክትል ኃላፊ ሆኜ ጡረታ እወጣ ነበር። ሦስተኛ ነበርኩ።»

«ስለዚህ የተኳረፉት ስለ ከተማዎ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ኢንዱማቲ፤ ድምፃቸው ግን ለስለስ ብሏል።

«ስለ ከተማዬም ነው!» አሉ ባቡጂ። «ግማሹ።»

እኔ ሻሼን ፊቴ ላይ ሳብኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ ምሳቸውን ይዘው የወጡትን ሰው አሰብኩ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ባቡጂ በድንገት ተነሱ። «ያ የማንጎ እርሻ የት ነበር?»

«ሩቅ አይደለም።»

«ያሳዩኝ። የአባትዎ መሬት ከሆነ ቦፓል አይባልም።»

በዚህ ሕጋዊ ማብራሪያ ከጣቢያው ወጡ። የባለ ሦስት እግሯ ታክሲ ሹፌር አጎንብሶ፣ «ወዴት ነው፣ ካን?» አላቸው።

«ካን አይደለሁም፤ ካሬ ነኝ።»

«ቦፓል ውስጥ ሁሉም ካን ነው፣ ካን። ይግቡ።»

«እኛ ጋ» አሉ ባቡጂ እየገቡ፣ «ሰውን ‹ትልቁ› ብለን ነው የምንጠራው። አክብሮት ይባላል።»

«እሺ፣ ትልቁ ካን» አለ ሹፌሩ።

የእርሻው ቦታ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ነው፤ ቢጫ ሕንፃዎች፣ በገመድ የተሰጣ ልብስ፣ የተደረደሩ ሞተር ብስክሌቶች። ወይዘሮ ኢንዱማቲ በጣታቸው አሳዩ፤ ጉድጓዱ እዚህ፣ ጎሾቹ እዚያ። ባቡጂ ሁሉንም በጥንቃቄ ተመለከቱ፤ የሌለ ነገር ማየት ለጀበልፑር ሰው ከባድ አይደለም።

«ማንጎው ጣፋጭ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ ኢንዱማቲ አሰቡ። «እውነቱን ልንገርዎት? ጎምዛዛ ነበር። ጥርስ ያደነዝዝ ነበር። ለልጅ ልጆቼ ግን እንደ ማር ነበር እላቸዋለሁ።»

ባቡጂ ሳቁ። ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ፤ ኪኒና ላወጣ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ወይዘሮ ኢንዱማቲም ሳቁ። አንዲት ሴት ከፎቅ ላይ ልብስ ስታሰጣ ቆማ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ሞተር ብስክሌት እያዩ ምን ያስቃቸዋል ብላ አየችን።

ከዚያ ባቡጂ ራሳቸው ናቸው ያሉት። «ጽሕፈት ቤቱስ የት ነው?»

ጽሕፈት ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው። በር ላይ ወረድን። ባቡጂ ኮሌታቸውን አስተካከሉ፣ ጫማቸውን በሱሪያቸው ጀርባ ጠረጉ። ወደ ዘበኛው ቀረቡ።

«ምን ጉዳይ ነበረዎት፣ አባት?» አለ ዘበኛው።

«ለሥራ ነው የመጣሁት» አሉ ባቡጂ። «ትንሽ ዘግይቻለሁ።»

ዘበኛው ሽማግሌውን ከራስ እስከ እግር አያቸው። ወይዘሮ ኢንዱማቲን አየ። እኔን አየ። «አባት» አለ በትሕትና፣ «ዛሬ እሑድ ነው። ዝግ ነው።»

ባቡጂ ትልቁን ሕንፃ ቀና ብለው ተመለከቱት፤ መስኮቱን ሁሉ።

«ነገ ይመለሱ ይባላል መንግሥት ቤት» አሉ ወይዘሮ ኢንዱማቲ። «አሁን በደንብ ባለጉዳይ ሆነዋል።»

የዚያን ዕለት ባቡር ላይ አልወጣንም። ሳኬት ቤት ስንደርስ ዘመዶቹ ገና ምሳ ላይ ነበሩ፤ ባቡጂ እንደገና በሉ። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻቸውን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ፤ «አንቺ ቅሪ፣ ኪኒናውን እኔ እይዝላቸዋለሁ» አሉኝ ወይዘሮ ኢንዱማቲ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆዩ። ማንን እንዳነጋገሩ፣ የትኛው ክፍል እንደገቡ እስከ ዛሬ ለማናችንም አልነገሩንም። ሲመለሱ አቪናሽ በር ላይ ተቀበላቸው።

«እንዴት ነበር ባቡጂ?»

«ደረጃው አልተጠረገም» አሉ ባቡጂ ጫማቸውን እያወለቁ። «እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ…» ብለው ጀመሩና ወይዘሮ ኢንዱማቲ ቅንድባቸውን ከፍ ሲያደርጉ አይተው ተዉት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የመመለሻ ትኬቱን ወደ ረቡዕ አዛውሪው። ነገ የከተማውን ሐይቅ ሊያሳዩኝ ነው።»